ሃምሳ ስምንተኛው እጥፋት

ሚቺዮ ፕላስተሩን በአውራ ጣቷ ጥፍር ጀርባ ከመሃል ወደ ዳር ዳበሰችው። አየር እንዳይቀርበት ሁለት ጊዜ፣ ጠርዙ እንዲይዝ አንድ ጊዜ። ትንንሾቹ ሰማያዊ ማዕበሎች ነጩ ወረቀት ላይ ጸጥ ብለው ተኙ። ካርዱን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው። ፕላስተሩ አልተጣመመም፣ አልተጨማደደም። ከክምሩ ላይ አስቀመጠችውና ቀና አለች።

ሃምሳ ስምንት። አለቀ።

ኩራሺኪ ላይ ዝናብ መጣል ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የሰኔ ዝናብ ስለሆነ ማንም አልተገረመበትም። የጓሮው ቦይ ሞልቶ ያጉረመርማል፤ የሳር ምንጣፉ ከእግር ስር ለስለስ ብሏል። ሚቺዮ ግን ለእርጥበቱ ቀድማ ተዘጋጅታለች። ለዚህ ሥራ ስትሰናዳ ከወር በላይ ፈጅቶባታል።

የምትዳረው ናጊሳ ናት፤ የሟች ባሏ የኢዋኦ የእህት ልጅ። ሠርጉ ለመስከረም ነው። እያንዳንዱ የጥሪ ካርድ በነጭ የእጅ ሥራ ወረቀት ይጠቀለላል፤ ወረቀቱ ከጀርባ ይታጠፍና በአንዲት የጣት ርዝመት ባላት ጌጠኛ ፕላስተር ይያዛል፤ ከዚያ ስም የተጻፈበት ፖስታ ውስጥ ይገባል። ሥራው ይኸው ነው። ጭንቀቱ ፕላስተሩ ላይ ነበር። የሠርግ ጥሪ መንገድ ላይ ራሱን ከከፈተ መልካም አይደለም። ተቀባዩ ሲከፍተው ከተቀደደ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። አጥብቆ የሚይዝ፣ ሲፈለግ ግን ያለ ቂም የሚለቅ ያስፈልጋል።

ሚቺዮ አምስት ዓይነት ፕላስተር ገዝታ፣ ከየጥቅሉ ቁራጭ እየወሰደች ሦስት ወረቀት ላይ ለጠፈች። አንዱን ወረቀት ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ፣ አንዱን መታጠቢያ ቤት፣ አንዱን መጻሕፍት ስር አኖረች። በየሳምንቱ ከአንዱ ጥግ እያነሳች በማጉያ መነጽር አየችው። አበባ የታተመበት በሁለተኛው ሳምንት ጥጉን አጠፈ። የጨርቁ ያዘ፣ ግን ወፍሮ ካርዱን አስረሳ። የሚያብረቀርቀው ላስቲክ ጠባዩ አይታወቅም፤ አንድ ቀን ይይዛል፣ አንድ ቀን ይተዋል። ወርቃማው ያዘ። ከሚገባው በላይ ያዘ፤ ሲነሳ የወረቀቱን ቆዳ ይዞ መጣ። የመጨረሻው፣ ከስስ ወረቀት የተሠራው ባለ ማዕበሉ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንኳ ወር ሙሉ ንቅንቅ ሳይል ከረመና በጥፍር ጫፍ ሲነካ ድምፅ ሳያሰማ ተነሳ።

«እሱን?» አለች ካዙኤ፣ ሚቺዮ ባሳየቻት ቀን። ካዙኤ የናጊሳ እናት፣ የኢዋኦ ታላቅ እህት ናት። «እሱማ የፕሪም ማሰሮ ላይ ቀን የሚጻፍበት ነው። ሠርግ እኮ ነው ሚቺዮ። ወርቅ እያለ?»

«ወርቁ ሲከፈት ወረቀቱን ይገነጥለዋል፣ እትዬ።»

«የሚከፍተው ሰው ቀስ ብሎ ይክፈታ።»

በመጨረሻ ተካፈሉት። ለሙሽራው አለቆችና ለወገኑ ታላላቆች የሚሄዱት አሥራ አራት ካርዶች በወርቁ፣ የቀሩት አርባ አራት በሰማያዊው።

ካዙኤን ያላስደሰታት ግን ፕላስተሩ ብቻ አልነበረም። ኢዋኦ ከሞተ ገና ስምንት ወሩ ነው። ዓመት ያልሞላው ሐዘን ያለበት እጅ የሠርግ ወረቀት መንካቱን አልወደደችውም። ናጊሳ ናት «ከአክስቴ በቀር ማንም አይሠራውም» ብላ የደረቀችው። ልጅ ሳለች ክረምት ክረምቱን እዚሁ ጠረጴዛ ስር ተጋድማ ፕላስተር እየቆራረጠች ነው ያደገችው፤ ልጅ ላልወለደችው ለሚቺዮ ከእሷ ሌላ እዚህ ቤት በሩን ሳያንኳኳ የሚገባ የለም። ካዙኤ ስትሸነፍ ፈገግ ብላ፣ ሻይዋን እያማሰለች እንዲህ አለች፦

«ይሁን። ግን አንድ ነገር ከተበላሸ፣ ምልክት ነውና ሚቺዮ ራሷ ሠርጉ ይቅርብኝ ትላለች። አይደል?»

ሚቺዮ «አዎ» ብላለች።

እና ዛሬ አልቋል። ግድግዳው ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ የዛሬው ቁጥር በቀይ ተከቧል፤ ከቁጥሩ ስር በደቃቁ «ታላቁ መልካም ቀን» ተብሎ ታትሟል። የሠርግ ጥሪ ፖስታ ቤት የሚገባው በእንዲህ ያለው ቀን ነው፤ ማህተሙ ላይ ቀኑ ይነበባላ። ካዙኤ ለሙሽራው እናት ስልክ ደውላ ዛሬ እንደሚላክ ተናግራለች፤ የሙሽራው እናት ደግሞ ማህተም የምታነብ ሴት ናት። ካዙኤ ስም የጻፈችባቸውን ፖስታዎች ይዛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች። የፖስታ ቤቱ መስኮት አሥራ አንድ ላይ ይዘጋል።

ሚቺዮ ሻይ ከማፍላቷ በፊት የኢዋኦን ውሃ ልትቀይር ተነሳች። የባሏ ፎቶ ክፍሉ ጥግ ባለው ትንሽ የጸሎት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከፊቱ ብርጭቆ ውሃ አለ። ብርጭቆውን ስታነሳው አንድ ነጭ እሽግ በእርጥበቱ ከስሩ ተጣብቆ አብሮ መጣ። ለቀብር ለመጡት ሰዎች ባለፈው ኅዳር ከላከችው የምስጋና ደብዳቤ የተረፈ ነው። ከብርጭቆው አላቅቃ ልታስቀምጠው ስትገለብጠው፣ ጀርባው ላይ ያለውን እጥፋት አየች።

የላይኛው ክንፍ የታችኛውን ሸፍኖ ወደ ታች ወርዷል። የሐዘን ወረቀት እንዲህ ይታጠፋል፤ እንባ ወደ ታች ይፈሳልና። የደስታ ወረቀት ተቃራኒው ነው፤ የታችኛው ክንፍ ከላይኛው ላይ ይወጣል፣ የሚመጣውን መልካም ነገር እንደ መዳፍ እንዲቀበል። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

ከቁም ሳጥኑ እስከ ጠረጴዛው አራት እርምጃ ነው። አራቱን እርምጃ ስትራመድ አውቃው ነበር።

ከላይ ያለውን ካርድ ገለበጠችው። ቀጥሎ ያለውን። ከመሃል አንዱን መዘዘች፣ ከወርቆቹም አንዱን። ሁሉም ወደ ታች።

እጆቿን አየቻቸው። ባለፈው ኅዳር መቶ ሠላሳ ጊዜ አንድ ዓይነት አድርገው አጥፈዋል፤ በቃ ያላቸው ስለሌለ ያንኑ ቀጠሉ። ዐይኗም ሐሳቧም ፕላስተሩ ላይ ነበር። እጇ ብቻውን የለቅሶ ቤት ከርሟል።

ስድስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ።

ካዙኤ የምትለውን ከአሁኑ ሰማችው። ካዙኤ አትቆጣም። «አየሽ ናጊሳ፣ እሷ ምን ታድርግ፣ ሐዘኑ ነው» ትላለች በለሰለሰ ድምፅ። ከዚያ በኋላ የመስከረሙን ሠርግ ማንም ለሚቺዮ አያነሳላትም፤ እሷም አታነሳም። ቃል ገብታለች።

ትርፍ መጠቅለያ ወረቀት ቆጠረች። ስድስት። ሱቁ የሚገኘው በባቡር አርባ ደቂቃ ሄዶ ነው። ስለዚህ ያሉትን ወረቀቶች ሳትቀድድ ፈትታ፣ ክንፎቹን አለዋውጣ፣ በአዲስ ፕላስተር መያዝ አለባት። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ፣ ሃምሳ ስምንቱ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው።

ተቀመጠች።

ፕላስተር ወደ ላይ ሲጎትቱት ይቀድዳል። ወደ ራሱ ታጥፎ፣ ከወረቀቱ ጋር እንደተኛ፣ ካርዱን በጠፍጣፋ መዳፍ ይዘው ቀስ አድርገው ወደ ኋላ ሲመልሱት ግን ይነሳል። የመጀመሪያውን ሰማያዊ በጥፍሯ ነካች። ጥጉ ተነሳ። መሃሉ ተነሳ። ወረቀቱ ልክ እንዳልተነካ ቀረ። ሚቺዮ ይዛው የነበረውን ትንፋሽ ለቀቀች። ክንፎቹን ከፈተች፣ የላይኛውን አስቀድማ የታችኛውን ከላዩ አወጣች፣ አዲስ ቁራጭ ለጠፈች። ሁለቴ፣ አንዴ። ቀጣይ።

ዘጠነኛው ላይ ስልኩ ጮኸ። ናጊሳ ናት።

«አክስቴ፣ ምሳ በላሽ?»

«አሁን ልበላ ነው።»

«ውሸትሽን ነው። ድምፅሽ የራበው ሰው ድምፅ ነው።» ናጊሳ ጥርስ ሐኪም ቤት ነው የምትሠራው፤ ከኋላዋ የመሰርሰሪያው ጩኸት ይሰማል። «እኔ በሁለት መንጋጋ መሃል ነኝ፤ ሦስት ደቂቃ ነው ያለኝ። ካርዶቹ አለቁ?»

ሚቺዮ በግራ እጇ ጣት ላይ የተንጠለጠለውን ሰማያዊ ቁራጭ አየችው። «እያለቁ ነው።»

«እማዬ ቁርስ ላይ ስለ ወርቁ ስታወራ ጆሮዬን በላችው። ወርቁ ባይኖር ሙሽራውም የሚቀር ነው የሚመስለው።»

«ወርቁም ቆንጆ ነው።»

«አክስቴ።» መሰርሰሪያው ቆመ። «የሆነ ነገር አለ እንዴ?»

«ዝናቡ ነው። ወረቀቱን ከእርጥበት እየጠበቅኩ ነው። በይ ወደ መንጋጋሽ ሂጂ።»

ስልኩን አስቀምጣ የተንጠለጠለውን ቁራጭ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ለጠፈችው። ብትነግራት ናጊሳ ትስቅ ነበር፤ ማን ገልብጦ ያየዋል ትል ነበር። የእሷ እኩዮች አያዩትም። የሙሽራው እናት ግን ፊቱን ሳታነብ ጀርባውን ታያለች። ካዙኤም እንደዚያው።

አሥራ ሁለት። ሃያ። ሠላሳ አንድ። ሻዩም ሩዙም ተረሳ። የተነሱት ሰማያዊ ቁራጮች ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተደርድረው፣ ማራገቢያው ሲዞርባቸው አንድ ላይ ብድግ ይሉና መልሰው ይተኛሉ። አርባ አራተኛውን ስትጨርስ ስምንት ሰዓት ከአሥር ነው። አንድም አልተቀደደም። ወር ሙሉ ያጠናችው ፕላስተር ያጠናችውን ያህል ሆኖላታል።

ወርቆቹን ወደ ራሷ ሳበች። የመጀመሪያውን እንደ ሰማያዊው አድርጋ፣ ከዚያም ቀስ ብላ ወደ ኋላ መለሰችው። እስከ መሃል መጣ። መሃል ላይ ጥርት ያለች ትንሽ ድምፅ ተሰማች፤ ወርቁ ከስሩ ነጭ ቆዳ ይዞ ተነሳ።

ትርፉ ስድስት ነው፤ አሁን አምስት ቀረ ብላ አስባ ሳትጨርስ የውጭው በር ተንሸራተተ።

«አለሽ?» የካዙኤ ድምፅ ነው። «ዝናቡ ሳይብስ ብዬ ቀደም አልኩ።»

ሚቺዮ ወርቆቹ ያሉበትን ትሪ ወደ ጠረጴዛው ስር ገፋችው። ጉልበቷን ነክቶ ቆመ። ቁራጮቹን በመዳፏ ጠርጋ የቀሚሷ ኪስ ውስጥ ጨመረች።

ካዙኤ ጃንጥላዋን በር ላይ አራግፋ ገባች፣ ለወንድሟ ፎቶ አንገቷን ሰበር አድርጋ ከሚቺዮ ትይዩ ተንበረከከች። በጨርቅ የቋጠረችውን ስትፈታ መጀመሪያ የወጡት ሁለት ነጭ ኮኮች ናቸው፤ ቀጥሎ በጥቁር ወፍራም ቀለም፣ በውብ የብሩሽ ጽሑፏ ስም የጻፈችባቸው ፖስታዎች።

«የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ገና አልበሰሉም ይሆናል» አለች ስለ ኮኮቹ። እጇ ግን ወደ ካርዶቹ ሄዷል። አንዱን አንስታ ወዲያው ገለበጠችው።

ሚቺዮ ቦዩን አዳመጠች።

ካዙኤ እጥፋቱን አየች። በጣቷ ተከተለችው። ከዚያ በጥፍሯ የፕላስተሩን ጥግ ትንሽ ከፍ አድርጋ መልሳ ደፈነችው። «እኔ እንኳ በራሱ ይለቃል ብዬ ነበር» አለች። «ደህና ይዟል። ወርቆቹስ?»

«አሉ።»

«የት?»

ገና አልተጫኑም፣ ሙጫው አልረጋም፣ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ የሚባለው ሁሉ በሚቺዮ አፍ ላይ ተሰለፈ። ካዙኤን ሻይ እስካፈላ ብላ ብታቆያት እንኳ አሥራ ሦስት ወርቅ ከፊቷ ተደብቆ አይፈታም። ትሪውን ከጠረጴዛው ስር ስባ አወጣችው።

«እትዬ፣ ያጠፍኳቸው ወደ ታች ነበር። ሁሉንም። አርባ አራቱን አስተካክያለሁ። እነዚህ ቀርተዋል።»

ካዙኤ ከትሪው ላይ አንዱን አነሳች፣ ገለበጠች፣ መልሳ አስቀመጠች።

«መቼ አወቅሽ?»

«ከስድስት ተኩል በኋላ።»

«ናጊሳ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ለእኔስ ልትነግሪኝ ነበር?»

ሚቺዮ ጉልበቷን አየች። «እርስዎ ሳይመጡ ብጨርስ ኖሮ፣ አልነግርዎትም ነበር።»

«ተናግሬ ነበር» አለች ካዙኤ። ድምፁ ያው ሚቺዮ የፈራችው ለስላሳ ድምፅ ነው። «የዚህ ቤት እጅ ገና ሐዘን ላይ ነው ብዬ ነበር።»

«አዎ።»

ካዙኤ ቀን መቁጠሪያውን አየች፣ ከዚያ ሰዓቱን። ቀለበቷን አውልቃ ኮኮቹ አጠገብ አስቀመጠች፤ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች።

«ይሄ ነገር የሚላጠው...» ብላ ጀመረችና ቆመች። በሠርግ ወረቀት ፊት መለያየትን የሚያነሳ ቃል አይነገርም። «ይሄ ነገር የሚነሳው እንዴት ነው?»

«በሙቀት ነው መሰለኝ። በፀጉር ማድረቂያ።»

«አምጪያ ታዲያ።»

ሚቺዮ ማድረቂያውን ይዛ ሙቀቱን ከርቀት አሳየችው፤ ካዙኤ ወርቁን ያዘችና ጎተተች። ተገነጠለ።

«ቀስ» አለች ሚቺዮ።

«ቀስ ነው ያልኩት።»

«ከዚያም ቀስ። ወደ ላይ አይደለም እትዬ፣ ወደ ኋላ። አስተኝተው።»

ካዙኤ ቅንድቧን አነሳች፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሚቺዮ አድርጊ አታድርጊ ብላት አታውቅም። ቀጣዩን አስተኝታ ወሰደችው። ሳይቀደድ መጣ። የሚቀጥለውም መጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ተገነጠለ።

«ትርፍ ስንት አለሽ?»

«ስድስት ነበር። አሁን ሦስተኛው መቀደዱ ነው።»

«ዘጠኝ ይቀራል ማለት ነው።»

«ዘጠኝ።»

ክፍሉ ሞቀ። ማድረቂያው ሲጮህ ዝናቡ አይሰማም፤ ሲጠፋ የባሰ የሚዘንብ ይመስላል። አንዱ በሰላም ሲነሳ ሚቺዮ ወዲያው ክንፎቹን አለዋውጣ በሰማያዊ ትይዘዋለች፤ አንዱ ሲቀደድ ካርዱን አውጥታ በአዲስ ወረቀት ትጠቀልለዋለች። እጇን አሁን በዐይኗ ትጠብቀዋለች፤ የላይኛው ቀድሞ፣ የታችኛው ከላዩ። አንዴ ካዙኤ ገና ያልተነካ የወርቅ ፕላስተር ጥቅል አንስታ ስታቀብላት ሚቺዮ አልተቀበለችም፤ ቀና ብላ አየቻት። ካዙኤም ጥቅሉን አየችው።

«እሺ» አለች። «ሁሉም ሰማያዊ ይሁን።»

«የሙሽራው አለቆችስ?»

«አለቆችም የሚከፍቱት በጣት ነው።»

ዘጠኝ ተኩል ሲሆን የተቀደዱት ስድስት ደረሱ። ትርፉ ወረቀት አለቀ። ትሪው ላይ አንድ ወርቅ ቀርቷል። ካዙኤ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

«ይሄን አንቺ አንሺው።»

ተለዋወጡ። ካዙኤ ማድረቂያውን በሁለት እጇ፣ እንደ ሻማ ያዘችው። ሚቺዮ ጥጉን ነካች። ተነሳ። በየፀጉር ስፋቱ እያቆመች ወደ ኋላ መለሰችው፤ ሩብ፣ ግማሽ። ግንባሯ ላይ ላብ ሲወርድ አልጠረገችውም። ከግማሽ አለፈ። ሦስት አራተኛ። ካዙኤ ጎንበስ ብላ ትንፋሿን ይዛለች። ሊያልቅ የጥፍር ስፋት ሲቀረው ያቺ ጥርት ያለች ድምፅ ተሰማች።

ካዙኤ ማድረቂያውን አጠፋችው።

የተገነጠለው ትንሽ ነው፤ የሩዝ ፍሬ ያህል። ግን ከውጭ በሚታየው ክንፍ ላይ ነው፣ እና ነጩ ወረቀት እዚያ ቦታ ላይ ጸጉር አውጥቷል። ሚቺዮ ካርዱን ለብቻው አኖረችው። ጊዜ አልነበረም። የቀረውን ጠቅልለው ወደ ፖስታዎቹ ማስገባት ጀመሩ፤ ካዙኤ ስሙን በለሆሳስ እያነበበች ታቀብላለች፣ ሚቺዮ እያስገባች ትዘጋለች። እያንዳንዱን ስትዘጋ ትቆጥር ነበር። ለተቀደደው የሚተርፈውን ስም እየጠበቀች ነበር፤ ማን ይሆን የሐዘን ጠባሳ ያለበት ካርድ የሚደርሰው? ምን ተብሎ ይነገረዋል? ለናጊሳስ?

ሃምሳ አምስት። ሃምሳ ስድስት። ሃምሳ ሰባት።

ካዙኤ የምታቀብለው ፖስታ አልነበራትም።

«እትዬ፣ አንድ ስም ይጎድላል።»

«አይጎድልም።» ካዙኤ ፖስታዎቹን በጨርቁ እየቋጠረች ነው፤ ቀና አላለችም። «ናጊሳ ሃምሳ ስምንት ብላ ያዘዘችሽ አንዱን ቆጥራ ነው። የቤት ሰው በፖስታ አይጠራም፤ በእጅ ይሰጠዋል።» ቋጠሮውን አጠበቀችው። «ልጅቷ ፖስታውን ጽፈሽ ስጫት ካለችኝ ሁለት ሳምንቷ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ልጻፈው አልጻፈው፣ ዛሬን አይቼ ልወስን ነበር።»

ሚቺዮ አሁን ገባት። በሠርጉ ላይ የነበራት ቦታ ጠዋትም አልተጻፈም ነበር።

ካዙኤ ከቦርሳዋ ባዶ ፖስታ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ብሩሽ አልያዝኩም» አለች። ከዚያ ለብቻው የተቀመጠውን ካርድ ወደ ራሷ ሳበች። የሩዝ ፍሬ የምታክለውን ጠባሳ በጣቷ ነካች።

«ይሄ ለእንግዳ አይሰጥም።»

«አይሰጥም።»

«ወርቁን አምጪ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ካዙኤ፣ ለካርዱ የምትነግረው ይመስል። የላይኛውን ክንፍ አስተኛች፣ የታችኛውን ከላዩ አወጣች፣ በመዳፏ ጫን አደረገችውና ወደ ሚቺዮ ገፋችው። ቀለበቷን አጠለቀች። አሥር ሰዓት ከሃያ።

በሩ ላይ ጃንጥላዋን እየዘረጋች ዘወር አለች።

«ጥቁሩን ነው የምትለብሺው፤ የቅርብ ዘመድ ለሠርግ የሚለብሰውን፣ ከስሩ የውሃ ጥለት ያለውን። ይሄ እርጥበት ሳይበላው ዛሬውኑ አውጥተሽ አናፍሺው። በብል የተበላ ልብስ ለብሰሽ አጠገቤ እንዳትቆሚ።»

«እሺ እትዬ።»

«ኮኩንም ብዪ። ከስተሻል።»

ሚቺዮ ብቻዋን ቀረች። ካርዱን አልነካችውም። ማድረቂያውን ጠቅልላ አስቀመጠች፣ ትሪውን አጠበች፣ ከኪሷ የሰማያዊውን ቁራጭ ኳስ አውጥታ ጣለች። መንገዱ በመኪና ሩብ ሰዓት ነው፤ ድልድዩ ላይ ውሃ ከወጣ ግን ይዞራል። አሥር ተኩል ሆነ። አሥራ አንድ ሊሆን ሩብ ጉዳይ። ጥቁሩን ልብስ ከሣጥኑ አውጥታ በማንጠልጠያው ላይ ዘረጋችው፤ እጅጌዎቹ ግድግዳው ላይ እንደተከፈቱ ቀሩ። አሥራ አንድ ሊሆን አምስት ጉዳይ ሲል ስልኩ ጮኸ።

«ማህተም ተመታ» አለች ካዙኤ። ከኋላዋ የመስኮት መዝጊያ ሲወርድ ይሰማል። «ሃምሳ ሰባቱም። ቀኑ ጥርት ብሎ ይነበባል።» እና ዘጋችው።

ሚቺዮ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች። ከሰማያዊው ጥቅል የጣት ርዝመት ያህል ወስዳ ካዙኤ ባጠፈችው እጥፋት ላይ አኖረችው። ሰማያዊው ከወርቁ ጠበብ ስለሚል ጠባሳው ከማዕበሎቹ ስር እንደ ክር ብቅ ብሎ ቀረ። ልትሸፍነው ሌላ ቁራጭ ልትወስድ አሰበችና ተወችው። በጥፍሯ ጀርባ ዳበሰችው። ሁለቴ፣ አንዴ።

ከዚያ ተነስታ፣ ከቀትር ጀምሮ ውሃው ሳይቀየር የዋለውን ብርጭቆ በአዲስ ውሃ ሞልታ ኢዋኦ ፊት አስቀመጠች፤ ካርዱንም ከጎኑ አቆመችው።